ወደ ባሪ ስንጓዝ በመንገድ ላይ የተደረገልን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

እግዚአብሔር በቅዱስ ኒቆላዎስ አማላጅነት ለቤተሰባችን ያደረገውን ለመመስከር ተስያለሁና ስለቴን እነሆ አደርሳለሁ።

ቅዱስ ኒቆላዎስ በዛሬዋ ቱርክ የምትገኘው የሜራ ከተማ ኤጲስ ቆጶስ ነበር፤ በዓለ ዕረፍቱም ታኅሣሥ 10 ቀን ይታሰባል። ዐፅሙን በፈረንጆች አቆጣጠር በ1087 የባሪ መርከበኞች ከሜራ ወስደውት እስከ ዛሬ በዚያች የደቡብ ኢጣሊያ የወደብ ከተማ ይገኛል። እናቴ ከልጅነቷ ጀምራ ስሙን ስትጠራ የኖረች ናት። ስለዚህ እኛን ልትጠይቅ ከአዲስ አበባ ወደ ሮም በመጣችበት ዓመት በዓሉን በመቃብሩ ዘንድ እንድታከብር በመኪና ይዘናት ተነሣን።

መንገዱ ከናፖሊ በኋላ የአፔኒንን ተራሮች ያቋርጣል፤ ከላቸዶኒያ ወደ ፑልያ ሜዳ ሲወርድም ቁልቁለት ይበዛዋል። በዚያ ቀን ደግሞ ጉሙ ከፊታችን ያለውን የጭነት መኪና የኋላ መብራት ብቻ ነበር የሚያሳየን። መኪናችን ከመነሣታችን በፊት በጋራዥ ተፈትሾ ነበር። ቁልቁለቱን ስንጀምር ግን ባለቤቴ ፍሬን ሲረግጥ መርገጫው ያለ አንዳች መቋቋም እስከ ወለሉ ሰመጠ፤ ደጋግሞ ቢረግጠውም ያው ሆነ። «ፍሬኑ የለም» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እናቴ እንዳትሰማ። እርሷ ግን ሰምታለች። መቁጠሪያዋን በሁለት እጇ ጨብጣ «የቅዱስ ኒቆላዎስ አምላክ፣ አንተ ጠርተኸን በመንገድ አትተወን!» እያለች ጮኸች፤ እኔም አብሬያት እየጮኽሁ ተሳልሁ።

ባለቤቴ ማርሹን እየቀነሰ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ይስብ ነበር። ሆኖም የጭነት መኪናው ከኋላ ልንገባበት በተቃረብንበት ቅጽበት ወደ ግራ ተሻግሮ መንገዱን ለቀቀልን፤ ጥቂት እንደ ሄድንም መንገዱ ወደ ዳገት ተለወጠና መኪናችን በራሱ ጊዜ ፍጥነቱን ቀንሶ ዳር ላይ ቆመ። የባለቤቴን የመንዳት ችሎታ አልክድም፤ ነገር ግን በጉም ውስጥ የጭነት መኪናው ሹፌር እኛን እንዴት እንዳየን እርሱም ቢሆን ሊያስረዳኝ አልቻለም። መኪናውን ሊጎትት የመጣው ሰው ከሥሩ ገብቶ ካየ በኋላ የፍሬን ዘይቱ ቱቦ ተቀድዶ ዘይቱ በሙሉ መፍሰሱን ነገረን፤ ቀና ብሎም ሦስታችንን በየተራ አየንና አማተበ።

ከፎጃ በባቡር ተሳፍረን ሌሊት ባሪ ገባን። በማግሥቱ ከቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት በዐምዶቹ መካከል ቆመው በቋንቋቸው ከሚጸልዩ የሩስያ ምእመናን ጋር ተሰለፍን፤ የእኛ ታኅሣሥ 10 እነርሱም ቅዱሱን የሚያከብሩበት ቀን ነውና። እናቴ ተራዋ ሲደርስ መቃብሩ ካለበት መንበር ፊት ተንበርክካ ግንባሯን በብረት ፍርግርጉ ላይ አሳረፈችና «አልተውኸንም» አለችው።

ስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር።