«ላሜ አምስት ቀን ነጥፋ ነበር?»

ከጫጫ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ ዳር ባለ አንድ የወተት ማኅበር ውስጥ ሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። ይህ የደረሰብኝ በ2014 ማብቂያና በ2015 መግቢያ ላይ ነው።

አካባቢው ብርዱ አይጣል ነው። ገብሱም፣ ባቄላውም፣ በጉም አለ። በየጊዜው እጅ ላይ የሚገባ ብር ግን ለብዙ ቤት ከላም ነው የሚመጣው። ወተቱ ገና ሳይነጋ ይታለባል። ማዕከሉ ሲደርስ ውሃ አለመቀላቀሉ በላክቶሜትር ይታያል፣ በጆግ ይለካል፣ ከዚያ የአዲስ አበባው መኪና ይጭነዋል። ክፍያው በየ15 ቀኑ ነው።

እኔ ስቀጠር ሁሉም ነገር በወረቀት ነበር። ማዕከሉ ላይ አንድ ትልቅ መዝገብ፣ በየአባሉ እጅ ደግሞ አንድ ትንሽ ደብተር አለ። ሒሳብ መዝጋት 3 ቀን ይፈጅብኛል። ገንዘብ ያዣችን ብሩን ከደብረ ብርሃን ባንክ አውጥታ በቦርሳ ይዛ ትመጣለች። እስክትደርስ ድረስ ሆዴ አይረጋም። አባላቱም ሥራ ፈተው ግማሽ ቀን ይሰለፋሉ።

ቴሌብር በ2013 ግንቦት ሥራ ሲጀምር መፍትሔው ታየኝ። ኢንተርኔት የሌለው ተራ ቀፎም ቢሆን በ*127# ይሠራል። አመራሩን አሳመንኩ። እናቶች በባላቸው ሳይሆን በራሳቸው ስልክ እንዲመዘገቡ ቤት ለቤት ዞሬ ለመንኩ። በዚህ እስከ ዛሬ ደስ ይለኛል። መዝገቡን ደግሞ በኤክሴል ሠራሁት። መዝጋቢዋ ልጅ ስልኳ ላይ ወሩንና ቀኑን መርጣ ሊትሩን ታስገባለች፤ ድምሩ ራሱ ይወጣል።

የጀመርነው ፍልሰታ ሲፈታ፣ ነሐሴ 16 ነው። በጾም የቀዘቀዘው ገበያ የሚነሳበት፣ ሣሩም የሚለመልምበት ጊዜ ነው። የነሐሴን ሁለተኛ አጋማሽ ሒሳብ በአንድ ከሰዓት ዘጋሁት። በጣም ነው የተደሰትኩት። «ከእንግዲህ ወረቀት ቀረ» ብዬ የአባላቱን ደብተር በሙሉ ሰበሰብኩ።

መስከረም 15 ክፍያ ላክን። በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ሳልገባ አንዲት እናት በር ላይ ጠበቁኝ። ስልካቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ይዘዋል።

«አንተ ልጅ፣ ላሜ አምስት ቀን ነጥፋ ነበር እንዴ?»

«ኧረ እማማ፣ ምን ሆነ?»

«ብሩ አይሞላም። የልጅ ልጄ መልእክቱን ሁለቴ አነበበልኝ። የሩፋኤል ዕለት ያ ሁሉ ዝናብ እየወረደብኝ ያመጣሁት ወተት የት ገባ?»

ሩፋኤል ጳጉሜ 3 ነው። ፋይሉን ከፈትኩና ጳጉሜን ፈለግኩ። የለችም። የወር መምረጫው ከመስከረም ይጀምርና ነሐሴ ላይ ያልቃል። 12 ወር ያለው የፈረንጅ ቅጽ ወስጄ፣ በስሞቹ ምትክ የእኛን ወሮች ጽፌ ነበር የተውኩት።

እንዴት ሰው ጳጉሜን ይረሳል? ብዙ አሰብኩበት። እኔ የወር ደመወዝተኛ ነኝ። ደመወዝ ላይ ጳጉሜ አትቆጠርም። ላም ግን በጳጉሜም ትታለባለች።

መዝጋቢዋን ጠየቅኳት። ጳጉሜን ስታጣት የጳጉሜ 1ን ወተት መስከረም 1 ላይ አስገብታዋለች፤ እስከ 5 እንዲሁ። እውነተኛው መስከረም ሲመጣ አዲሱ ቁጥር በቀድሞው ላይ ተጻፈበት። የ54 አባላት የአምስት ቀን ወተት ጠፋ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አስበህበት መስሎኝ ነው» አለች፤ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

ይህች ቃል ከሁሉም በላይ ነው ያመመችኝ። መዝገቡ ላይ ቢሆን ኖሮ ቦታ ስታጣ ጠርዙ ላይ ትጽፈው ነበር። ስልኩ ላይ ጠርዝ የለም። ደግሞም የተማረ ሰው የሠራውን ማን ደፍሮ ተሳስቷል ይላል? ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሷ አልነበረም። በአባላቱ ፊትም እንደዚያው ተናገርኩ።

እማማ ቤታቸው ወሰዱኝ። ከመናጫው በላይ ግድግዳው ላይ በከሰል የተሰመሩ መስመሮች አሉ። አንድ መስመር አንድ ሊትር ነው። ቀን ከቀን በእጅ ስፋት ያህል ተራርቋል። የበዓል ቀን ከመስመሮቹ በላይ ትንሽ መስቀል አለው። ጣታቸውን ከአንዷ መስቀል ሥር አኖሩ። «ይኸው ሩፋኤል» አሉኝ። ስምንት መስመር ነበር። ደብተራቸውን ስወስድባቸው ምንም አላሉኝም። ዝም ብለው ግድግዳቸው ላይ ቀጠሉ።

በቀጣዩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አባላቱን ሰበሰብን። ገዢው መኪና በየቀኑ የጫነበት የመረከቢያ ደረሰኝ ስለነበር የአምስቱ ቀን ጠቅላላ ድምር በእጃችን ነው። የጠፋው የማን ስንት እንደሆነ ነው። አንድ በአንድ ጠየቅን። ከልጅ ደብተር ጀርባ ያነበበ አለ፣ ከጎረቤቱ ጋር እየተረዳዳ ያስታወሰ አለ። ያለ ማስረጃ የሚናገር ሰው ይጨምራል ብዬ ሰግቼ ነበር። ደምረን ከደረሰኙ ጋር ስናስተያየው፣ ከ1,900 ሊትር በላይ ከሆነው ወተት ውስጥ ልዩነቱ 9 ሊትር ብቻ ሆነ። እሱም ሰዉ አሳንሶ ተናግሮ ነው። ካልኩሌተሩን ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት።

የቀረውን ብር በሁለተኛው ቀን ላክን። ደብተሮቹን መለስኩ። ኤክሴሉን አልተውነውም፤ 3 ቀን ወደ ግማሽ ቀን የወረደበትን ሥራ መተው ሌላ ጥፋት ነው። አሁን ግን ልጅቷ ስልኩ ላይ ስታስገባ አባሉ ፊት ለፊቷ ቆሞ ደብተሩ ላይ ያስጽፋል። በየክፍያው ዋዜማም የየአባሉን ሊትር ማዕከሉ በር ላይ ጮክ ብዬ አነባለሁ።

የወር መምረጫው ላይ ጳጉሜን ስጨምር ለእማማ ወስጄ አሳየኋቸው። ልጅ ልጃቸው እየተረጎመላቸው ሳጥኖቹን በጣታቸው ቆጠሩ።

«አምስት ናት?»

«አዎ እማማ፣ አምስት።»

«ዘንድሮ እኮ ዘመነ ሉቃስ ነው፤ ቄሱ ለእንቁጣጣሽ ሲሉ አልሰማህም? ስድስት አድርጋት።»

እዚያው ቁጭ ብዬ ስድስተኛዋን ጨመርኩ።