«ኔትወርክ የለም» ያልኩባቸው አራት ቀናት፦ የሰርቨር አፕዴት ችግርን ደብረ ብርሃን ላይ እንዴት እንደፈታሁት

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ሆኜ የማስተዳድራቸው ሰርቨሮች በሙሉ አፕዴት መቀበል አቆሙ። የምሠራበት የቁጠባና ብድር ተቋም በመሐል ሜዳ፣ በደብረ ሲናና በሸዋ ሮቢት ቅርንጫፎች አሉት፤ በየቅርንጫፉ አንድ አንድ ሰርቨር፣ በዋናው ቢሮ ደግሞ ሁለት አዳዲስ ሰርቨሮች አሉ። ለመጀመሪያዎቹ አራት ቀናት ለጠየቀኝ ሁሉ የሰጠሁት መልስ አንድ ነበር፤ «ኔትወርክ የለም»። ወቅቱ ክረምት ነው፤ መብራት ይጠፋል፣ መስመሩም ይቆራረጣል፤ ስለዚህ ማንም አልተጠራጠረኝም፤ እኔም ራሴን አልተጠራጠርኩም። ኋላ ግን ችግሩ አንድ ሳይሆን አራት ሆኖ ተገኘ፤ ከአራቱም አንዱ እንኳ የመስመር ችግር አልነበረም።

ወደ ነገሩ ያስገባኝ የሥራ አስኪያጃችን ጥያቄ ነው። ኳሊስ የተባለው የደኅንነት ኩባንያ ሰኔ 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ሰርቨርን ከርቀት ለማስተዳደር በሚያገለግለው ኦፕንኤስኤስኤች በተባለው ፕሮግራም ላይ ያገኘውንና «ሪግሬሽን» ብሎ የሰየመውን ከባድ ክፍተት ይፋ አድርጎ ስለነበር፣ ወሬው ደርሷቸው «እኛስ?» አሉኝ። ክፍተቱ የሚነካው በዋነኛነት ከ8.5 እስከ 9.7 ያሉትን እትሞች ነው። የቅርንጫፎቹ ሰርቨሮች ሴንትኦኤስ 7 በተባለው የሊኑክስ ሥርዓተ ክወና ላይ የሚሠሩ በመሆናቸው ያላቸው የኦፕንኤስኤስኤች እትም 7.4 ነው፤ ስለዚህ በዕድሜያቸው ምክንያት ከዚህኛው ክፍተት አምልጠዋል። አልማሊኑክስ 9 የተባለው ሌላ ሊኑክስ የተጫነባቸው የዋናው ቢሮ ሁለት ሰርቨሮች ግን እትማቸው 8.7 ስለሆነ ማስተካከያው ያስፈልጋቸው ነበር። በዚሁ አጋጣሚ ሁሉንም ላድስ ብዬ ተነሣሁ።

ሴንትኦኤሶቹ ዩም የተባለውን የፓኬጅ (የፕሮግራም ጥቅል) ማስተዳደሪያ ገና ስጀምረው የሚረር (የፓኬጆችን ቅጂ የሚያቀርብ ሰርቨር) ዝርዝር የሚሰጠውን አድራሻ ማግኘት እንዳልቻሉ፣ ቀጥሎም ለዋናው ሪፖ (የፓኬጆች ማከማቻ) የሚሆን ትክክለኛ አድራሻ እንዳላገኙ ነገሩኝ። መልእክቱን የሚያነብ ሰው መጀመሪያ የሚጠረጥረው መስመሩን ነው፤ እኔም መስመር አቅራቢያችን ጋ ደጋግሜ ደወልኩ። በአምስተኛው ቀን ጠዋት ግን ከዚያው ሰርቨር ላይ ሌሎች አድራሻዎችን በስም ጠየቅኋቸው፤ ሁሉም ያለ ችግር መለሱ። አንዱ ስም ብቻ ነው የጠፋው። ይህን ፍተሻ ለማድረግ ሁለት ደቂቃ አልፈጀብኝም፤ በመጀመሪያው ቀን ባደርገው ኖሮ ስንት የስልክ ጥሪ በተረፈ።

ምክንያቱ ግልጽ ነበር። የሴንትኦኤስ 7 ድጋፍ ሰኔ 23 ቀን 2016 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ወዲያውም ሰርቨሮቹ የሚረር ዝርዝር የሚጠይቁበት አድራሻ ከአገልግሎት ወጣ። ፓኬጆቹ ግን አልጠፉም፤ «ቮልት» ወደሚባለው መዝገብ ቤት ተዛውረዋል። እኔም በየሰርቨሩ የሪፖ ፋይሎች ውስጥ የሚረር ዝርዝሩን የሚጠራውን መስመር ዘግቼ፣ ቀጥታ አድራሻው የመጨረሻው የ7.9 እትም ወደሚገኝበት የቮልት ማውጫ እንዲያመለክት አደረግሁ፤ የዩምንም ካሽ (ጊዜያዊ ማስቀመጫ) አጸዳሁ። ኢፔል የተባለው ተጨማሪ ማከማቻም እንዲሁ ወደ ፌዶራ መዝገብ ስለተዛወረ አድራሻውን ለየብቻ መቀየር ነበረብኝ። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያሻል፤ ቮልት ውስጥ ከዚያ ቀን በኋላ አዲስ ማስተካከያ አይገባም። ዩም «የሚታደስ ነገር የለም» ሲል ደስ ሊለን አይገባም፤ ሰርቨሩ ጤነኛ ሆኖ ሳይሆን መድኃኒት የሚያቀርብለት ስለሌለ ነው።

የአልማሊኑክሶቹ ነገር ደግሞ ሌላ መልክ ነበረው። እነርሱ አድራሻውን ያገኙታል፤ የሪፖው ማውጫ ፋይልም ይወርዳል፤ ቀጥሎ የፓኬጆቹን ዝርዝር የያዘውን ፋይል ሲጠይቁ ግን ቁጥር 404፣ ማለትም «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» የሚል ምላሽ ይመጣል። አንድ ሪፖ በራሱ አናት ላይ አንዲት ትንሽ ማውጫ ፋይል አለችው፤ እርሷ ሌሎቹን የዝርዝር ፋይሎች በስማቸውና ከይዘታቸው በሚሰላው የማረጋገጫ ድምራቸው ትጠራለች። ሪፖው ሲታደስ የዝርዝር ፋይሎቹ ስም ከማረጋገጫ ድምራቸው ጋር አብሮ ይለወጣል፤ የማውጫዋ ስም ግን ያው ነው። እኛ ቢሮ የኢንተርኔት ወጪ ለመቆጠብ ስኩዊድ የተባለ ፕሮክሲ፣ ማለትም በእኛና በኢንተርኔት መካከል ሆኖ የወረደውን እያስቀመጠ የሚያቀብል አገናኝ፣ አለን፤ ያዋቀርኩት እኔው ነኝ፤ ስስት ይዞኝ ሁሉንም ነገር ለረጅም ጊዜ እንዲያስቀምጥ አዝዤው ነበር። ስለዚህ ፕሮክሲው የቆየችዋን ማውጫ ከካሹ እያወጣ ያቀብላል፤ ሰርቨሮቹም በእርሷ ተመርተው ከሚረሩ ላይ የተነሣ ፋይል ይፈልጋሉ። ማውጫዋ ሁልጊዜ ከምንጩ እንድትጠየቅ፣ ፓኬጆቹ ራሳቸው ግን በአንድ ስም ይዘታቸው ስለማይለወጥ እንደልብ እንዲቀመጡ ደንቡን ለየሁት። በዚያው ምሽት ሁለቱም ሰርቨሮች ማስተካከያውን ተቀበሉ። በነገራችን ላይ የአልማ 9 ኦፕንኤስኤስኤች ከታደሰ በኋላም እትሙ 8.7 ብሎ ነው የሚነበበው፤ ማስተካከያው ከአዲሱ እትም ተወስዶ በነባሩ ላይ ይጨመራልና። ሥራ አስኪያጃችን ቁጥሩን አይተው «አልተቀየረም እኮ» ሲሉኝ የፓኬጁን የለውጥ መዝገብ ከፍቼ የክፍተቱን መለያ ቁጥር ማሳየት ነበረብኝ።

እስካሁን ያለው የተለመደ ሥራ ነው። ያሳፈረኝ የመሐል ሜዳው ነው።

ሐምሌ 15 ቀን መሐል ሜዳ ላይ መብራት ጠፍቶ አደረ፤ መብራት ሲጠፋ ሰርቨሩን የሚያቆየው ባክአፕም አለቀ። ሐምሌ 16 ማታ ከደብረ ብርሃን ሆኜ በቪፒኤን ገብቼ አፕዴቱን ስሞክር ዩም የቮልትን ሰርተፊኬት፣ ማለትም የድረ ገጹን ማንነት የሚያረጋግጠውን ምስክር፣ አልቀበልም አለ። ደክሞኝ ነበር፤ በሪፖው ፋይል ውስጥ የሰርተፊኬት ማረጋገጫውን የሚያጠፋ አንድ መስመር ጨመርኩ፤ አፕዴቱ ሄደ፤ እኔም ተኛሁ። ፓኬጆቹ በዲጂታል ፊርማ ይረጋገጣሉ ብዬ ራሴን አጽናንቻለሁ፤ እውነትም ይረጋገጣሉ። ነገር ግን ሰርቨሩ «አንድ ነገር ልክ አይደለም» እያለኝ አፉን ነው የዘጋሁበት።

ሐምሌ 18 ቀን ዋናው ቢሮ የሚያወጣው ሪፖርት ላይ የመሐል ሜዳ የሦስት ቀን ገቢ ባዶ ሆኖ ታየ። ለቅርንጫፉ የሂሳብ ሠራተኛ ደወልኩ፤ በዕድሜ ታላቄ ስለሆኑ እትዬ ነው የምላቸው።

«እትዬ፣ ደረሰኙ ላይ ያለውን ቀን ያንብቡልኝ እስቲ።»

«18፣ 11፣ 2016።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ምነው ልጄ፣ ነገ ገብርኤል አይደል? ሐምሌ 18 ነዋ!»

ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ልክ ነበር፤ ለዚህም ነው ቢሮው ውስጥ ማንም ያልተጠራጠረው። ሰርቨሩ ግን ያንን የሚረዳው በፈረንጅ አቆጣጠር ኅዳር ወር 2016 ብሎ ነው፤ ከእውነተኛው ቀን ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ገደማ ወደ ኋላ። ማዘርቦርዱ ላይ ያለችው ባትሪ አርጅታ ስለነበር መብራት ሲመጣ ሰዓቱ ጠፍቶ ተገኝቷል፤ አንድ ትጉህ ሠራተኛም ከግድግዳው ካላንደር አይቶ ሞልቶታል፤ ሰዓቱንም ከጠዋቱ አራት ሰዓት ብሎ አራት። በዚያ ሰርቨር ዓይን የቮልት ሰርተፊኬት ገና ያልተወለደ ሰርተፊኬት ነው፤ አልቀበልም ማለቱ ተገቢ ነበር። የሰዓት ማመሳሰያው ለምን አላረመውም ቢባል፣ ቅርንጫፉ ወደ ውጭ የሚወጣው በእኛ ፕሮክሲ በኩል ብቻ ስለሆነና የሰዓት ጥያቄ በዚያ ስለማያልፍ ነው። ይህንንም ያዋቀርኩት እኔ ነኝ።

በማግስቱ ሲአር 2032 የምትባለዋን የሳንቲም ቅርጽ ባትሪ ገዝቼ በጣርማ በር ጭጋግ ውስጥ ወደ መንዝ ወጣሁ። መጀመሪያ ዳታቤዙን አቆምን፤ ከዚያ ባትሪውን ቀይሬ ሰዓቱን አስተካከልሁ፤ ከእትዬ ጋር ቁጭ ብለን በተሳሳተ ቀን የተመዘገበውን እያንዳንዱን ደረሰኝ በዝርዝር አውጥተን በፊርማ አረምን። ወደ ኋላ የሄደን ሰዓት ዳታቤዝ እየሠራ እያለ በድንገት ወደፊት መግፋት ሌላ ጣጣ ያመጣል፤ ስለዚህ ቅደም ተከተሉን እንዳትገለብጡ አደራ። የሰርተፊኬት ማረጋገጫውንም በዚያው ዕለት መለስኩት። ከዚያ ወዲህ የደብረ ብርሃኑ ሰርቨር ለቅርንጫፎቹ በቪፒኤን ሰዓት ይሰጣል።

የሸዋ ሮቢቱ ቀላል ነበር፤ በአፕዴት መሐል መብራት ስለጠፋ አንዳንድ ፓኬጆች በሁለት እትም ተመዝግበው ቀርተዋል። የተቋረጠውን ሥራ የሚያስጨርሰው የዩም መሣሪያና ድግግሞሽን የሚያጸዳው መሣሪያ አብረው አቃኑት። አሁን ከርቀት አፕዴት የማስኬደው መስመሬ ቢቋረጥም ሥራው በማይቋረጥበት፣ ስክሪን በተባለው ፕሮግራም ውስጥ ሆኜ፣ የባክአፑን ባትሪ መጠንም አስቀድሜ ጠይቄ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ደብረ ብርሃን ላይ የራሳችን ሚረር አቆምሁ። የአልማሊኑክስ 9ን ሁለት ዋና ሪፖዎች ሪፖሲንክ በተባለው መሣሪያ፣ የየፓኬጁን የቅርብ እትም ብቻ እየመረጥሁ፣ መስመሩ ሥራ በሚፈታበት ሌሊት አወርዳለሁ። የሚወርደው ወደ ጎን ወዳለ ማውጫ ነው፤ ተሟልቶ ሳያልቅ ቅርንጫፎች የሚያዩትን ማውጫ አልነካም፤ አለበለዚያ የፕሮክሲው ዓይነት ግማሽ አሮጌ ግማሽ አዲስ ሪፖ እኔው ራሴ አመርታለሁ። አዲስ ነገር ሲመጣ መጀመሪያ ከዋናው ቢሮ አንዱ ሰርቨር ይቀምሰዋል፤ ሳምንት ከቆየ በኋላ ሌሎቹ ይከተላሉ። ሰርቨሩ የተቀመጠበት ክፍል ማቀዝቀዣ የለውም፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ለእኔ ባይመቸኝም ለእርሱ ተስማምቶታል።

መሐል ሜዳና ሸዋ ሮቢት በአዲስ ጭነት ወደ አልማሊኑክስ 9 ተሻግረዋል። ደብረ ሲና ያለው ግን እስካሁን በሴንትኦኤስ 7 ላይ ነው፤ የሚያሠራው የድሮ የሂሳብ ፕሮግራም በአዲሱ ላይ አልነሣም ብሏል። ከኢንተርኔት ቆርጬዋለሁ፤ ከእኛ ቢሮ በስተቀር የሚደርስበት የለም።