ስኪሪድን ከግርጌው ዞሬ እንዴት እንደወጣሁት

የስኪሪድ ኮረብታ በደቡብ ምሥራቅ ዌልስ፣ በሞንማውዝሺር፣ ከአበርጋቬኒ ከተማ በስተሰሜን ምሥራቅ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቆ ለብቻው ይገኛል። ከፍታው 486 ሜትር በመሆኑ ከጎረቤቶቹ፣ ከ596 ሜትሩ ሹገር ሎፍና ከ561 ሜትሩ ብሎሬንጅ፣ ያንሳል፤ ለእኔ ግን ከሦስቱ ብዙ ታሪክ የተሸከመው እርሱ ነው። አብዛኛው ተጓዥ ከደቡብ ወጥቶ፣ ሸንተረሩን ይዞ እስከ ጫፉ ይሄድና በመጣበት ይመለሳል። እኔ ጉዞዬን ሳቅድ በካርታው ላይ የከፍታ መስመሮቹ በምዕራብ በኩል ተዘበራርቀው፣ በሰሜን በኩል ደግሞ ተጨናንቀው ስላየኋቸው፣ መጀመሪያ ግርጌውን መዞር መረጥሁ።

የተጠቀምሁት የኦርድናንስ ሰርቬይን 1:25,000 ካርታ ነው። በዌልስ ገጠር ለሕዝብ የተፈቀዱ የእግር መንገዶች በግል እርሻዎች መካከል ስለሚያልፉ፣ የእያንዳንዱን ማሳ አጥር የማያሳይ ካርታ ብዙም አይረዳም። ከካርዲፍ እስከ አበርጋቬኒ በባቡር፣ ከዚያም ከኮረብታው በስተደቡብ እስካለው የመኪና ማቆሚያ በታክሲ ሄድሁ። አካባቢው የበግ ግጦሽ በመሆኑ፣ በመንገድ የሚያጋጥመውን በር ክፍት ካገኙት ክፍት፣ ዝግ ካገኙት ዝግ አድርጎ ማለፍ ይገባል።

ከመኪና ማቆሚያው ቀጥሎ ካለው ጫካ ስወጣ ወደ ግራ ታጥፌ የምዕራቡን ጎን ያዝሁ። ስኪሪድን ከሩቅ ሲያዩት ጎኑ የተገመጠ የሚመስለው በዚህ በኩል በወረደው ትልቅ ናዳ የተነሣ ነው። ከላይ ያለው ጠንካራ ቀይ አሸዋ ድንጋይ ያረፈው በደካማ የጭቃ ድንጋይ ላይ ስለሆነ፣ የታችኛው መሸከም ሲያቅተው የላይኛው ተገንጥሎ ተንሸራተተ። በተንሸራተተው ክፍልና በዋናው ኮረብታ መካከል በቀረው ጎድጓዳ ቦታ ሽበት የለበሱ ትልልቅ ድንጋዮች ተበታትነዋል፤ ያልለበሰው ፊታቸው በጣት ሲታሽ ቀይ ደቃቅ አሸዋ ይለቃል።

የአገሩ ሰው ግን ከጥንት ጀምሮ ሌላ ምክንያት ይሰጣል፤ ኮረብታው የተሰነጠቀው ጌታ በተሰቀለበት ሰዓት ነው ይላል። ስለዚህ አፈሩ እንደ ቅዱስ ተቆጥሮ፣ ገበሬዎች ማሳቸው እንዲባረክ ይበትኑት፣ በሬሳ ሣጥን ላይም ያደርጉት ነበር። ከደብር እምነት ተቀብሎ ለሚያድግ አንባቢ ይህ ማብራሪያ የሚያሻው ነገር አይደለም። እኔም የናዳውን ሥፍራ በቅርብ ባላየው ኖሮ፣ ትውፊቱ ለምን እዚህ ኮረብታ ላይ እንዳረፈ ይህን ያህል አይገባኝም ነበር።

የሰሜኑ አቀበት አጭር ቢሆንም እጅግ ቀጥ ያለ ነው፤ አንዳንድ ቦታ እጅም ያግዛል። ጫፉ ላይ ከቅየሳ ምሰሶው አጠገብ የቅዱስ ሚካኤል ጸሎት ቤት ፍርስራሽ አለ። የቀረው በሣር የተሸፈነ ጎድጓዳ መሬትና በር የነበረውን የሚያመለክቱ ሁለት የቆሙ ድንጋዮች ብቻ ስለሆነ፣ ሳያስተውሉት የሚያልፉ አይጠፉም። የካቶሊክ እምነት በሕግ በተከለከለበት ዘመን ምእመናን እዚህ ይሰበሰቡ ነበር። ይህ ቀላል ድፍረት አልነበረም፤ የአበርጋቬኒ ተወላጅ የሆነውና በዚሁ አውራጃ በስውር ያገለግል የነበረው ካህን ዴቪድ ሉዊስ እ.ኤ.አ. በ1679 በአስክ ከተማ ተገድሏል፤ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም እ.ኤ.አ. በ1970 ቅዱስ ብላ ሰይማዋለች። የሊቀ መላእክቱን ታቦት በተራራ ራስ ላይ ማክበር ለእኛም ልማድ ነውና፣ በሁለቱ ድንጋዮች መካከል ሳልፍ ባርኔጣዬን አወለቅሁ።

ቁልቁለቱን በሸንተረሩ ማድረጌ ሁለት ጥቅም ሰጠኝ። አንደኛ፣ እየተዳፋ የሚሄደው ጠባብ ጀርባ ለጉልበት ይመቻል፤ ሁለተኛ፣ ፊት ወደ ደቡብ ስለሚሆን አየሩ ጥርት ሲል እስከ ሰቨርን ወንዝ አፍ ድረስ ይታያል። በሸንተረሩ ላይ መጠለያ የሚባል ነገር ስለሌለ፣ ከታች ነፋስ ባይኖርም ነፋስ የሚከላከል ጃኬት መያዝ ያስፈልጋል። ከዝናብ በኋላ በጫካው ውስጥ ያለው መንገድ ጭቃ ስለሚሆን፣ ጫማው ቁርጭምጭሚት የሚይዝና ሶሉ ጥርስ ያለው ቢሆን ይመረጣል። ትንንሽ ልጆች ይዞ ለሚሄድ ግን የሰሜኑን አቀበት አልመክርም፤ እርሱ በሸንተረሩ ወጥቶ በሸንተረሩ ይመለስ፣ ናዳውንም ከላይ ሆኖ ይመልከት።