የ190 ቤት ጋዜጣ፦ ከሱመርሴት ገጠር

ከለንደን ወደ ሱመርሴት ገጠር የመጣነው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ባለቤቴ ወተት ማቀነባበሪያ ውስጥ ሥራ አገኘ፤ እኔ ደግሞ አረጋውያንን በየቤታቸው እየዞርኩ የምንከባከብበት ሥራ ተቀጠርኩ። መንደራችን ወደ 400 ሰው የሚኖርባት ናት። አንድ ቤተ ክርስቲያን፣ አንድ መጠጥ ቤትና አንድ የመንደር አዳራሽ አላት፤ ሱቅ የላትም። አውቶቡስ በቀን ሦስቴ ብቅ ይላል፣ እሁድ ጭራሽ አይታሰብም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት ከጎረቤት ጋር "እንዴት አደሩ፣ ዝናቡ ጠና" ከመባባል ያለፈ ነገር አልነበረንም። ዛሬ በየወሩ በ190 ቤት የምትገባውን ባለ 16 ገጽ የመንደር ጋዜጣ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። እንዴት እንደጀመርኩት፣ የት ላይ እንደተሳሳትኩና ምን እንዳወቅሁ ልንገራችሁ። በየሰው አገር ገጠር ገብታችሁ "ከማን ጋር ልጫወት" ለምትሉ ወገኖቼ አንድ ነገር አያጣውም።

ነገሩ የመጣው በጫማ ካርቶን ነው። ጎረቤቴ 81 ዓመታቸው የሆኑ ሴት ነበሩ፤ ጋዜጣዋን ለ22 ዓመት ያዘጋጁት እሳቸው ናቸው። ዓይናቸው እየደከመ መጣ። አንድ ቀን ማታ በሬን አንኳኩተው ካርቶኑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና "በመስኮት ሳልፍ ስትጽፊ አይሻለሁ፤ የሚጽፍ ሰው ደግሞ እንፈልጋለን" አሉኝ። የምጽፈው ለእናቴ ደብዳቤ ነበር፤ ያውም በአማርኛ። እንግሊዝኛዬ ለጋዜጣ አይበቃም ስላቸው፣ "የመንደር ጋዜጣ እንግሊዝኛ አይፈልግም፤ ቀንና ሰዓት ነው የሚፈልገው" አሉ። ያን ጊዜ እንዲሁ ሊያደፋፍሩኝ መስሎኝ ነበር።

ካርቶኑ ውስጥ የአዳዮች ስም ዝርዝር፣ የማስታወቂያ ደረሰኝና የድሮ እትሞች አሉ። እንዲህ ያለው የአጥቢያ ጋዜጣ በእንግሊዝ ሥሩ ረጅም ነው፤ በ1859 ደርቢ ከተማ ላይ ጆን ኧርስኪን ክላርክ የሚባሉ ቄስ ካሳተሙት ወዲህ በየአጥቢያው ተስፋፍቷል። ከካርቶኑ ወረቀቶች መካከል አንዱን እስካሁን በመሳቢያዬ አኑሬዋለሁ፤ የ2014 ክረምት እትም ነው። በዚያ ክረምት የሱመርሴት ረባዳ ምድር ለሳምንታት ውሃ ተኝቶበት ነበር። ከእኛ ብዙም የማትርቀው ሙቸልኒ ዙሪያዋን ተከባ ደሴት ሆነች፤ ሰው በጀልባ ነበር የሚመላለሰው። ወረቀቱ ላይ ስለ ጥፋቱ ብዛት አንድም ቃል የለም። የትኛው መንገድ እንደተዘጋ፣ አሸዋ የተሞላ ጆንያ ማን ቤት እንዳለ፣ ትርፍ አልጋ ያለው ማን እንደሆነ ብቻ ተዘርዝሯል። ጠርዙ በውሃ ቢጫ ሆኗል፤ አንዱ ስልክ ቁጥር በእስክርቢቶ ሁለቴ ተከቧል። የሆነ ሰው ያንን ቁጥር አጥብቆ ፈልጎት ነበር ማለት ነው።

እኔ ግን ትምህርቱን ከዚያ ወረቀት አልወሰድኩም። የመጀመሪያ እትሜን ሳዘጋጅ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፍኩ፤ ሦስት ሌሊት ወስዶብኛል። ጋዜጣዋ ከተበተነች በኋላ ስለዚያ ጽሑፍ አንድም ሰው አላነሳልኝም። የተነሳው በኦገስት መጨረሻ በነበረው የሕዝብ በዓል ምክንያት የቆሻሻ መኪናው በአንድ ቀን ዘግይቶ እንደሚመጣ አለመጻፌ ነው። መንደሩ ሁሉ ባልዲውን አውጥቶ አደረ፤ ቀበሮ በታተነው።

ሁለተኛው ስህተቴ ግን ያመመኝ ነው። በኖቬምበር እትም አዳራሹ ውስጥ በየወሩ የሚደረገውን የጠዋት ቡና ማስታወቅ ነበረብኝ። ማስታወሻዬ ላይ በአማርኛ "ቡና፣ ረቡዕ፣ 4 ሰዓት" ብዬ ይዤዋለሁ። የእኛ ረፋድ 4 ሰዓት የእነሱ 10 ነው። ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ ሌሊት ስተይብ ቁጥሩን እንዳለ አሰፈርኩት፤ 190 ቅጂ ታትሞ ተበተነ። የመንደሩ ነባር ሰዎች ቡናው ሁልጊዜ 10 ሰዓት መሆኑን ስለሚያውቁ ወረቀቱን ሳያዩ መጥተው ጠጥተው ሄዱ።

በዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ በእነሱ አራት ተኩል ሲሆን ከሥራ ስመለስ በአዳራሹ በር ሥር አንድ ሽማግሌ ቆመው አየሁ። በኖቬምበር በዚያ ሰዓት ጨለማው እየወረደ ነው፤ ካፊያም አለ። በአንድ እጃቸው የብስኩት ቆርቆሮ፣ በሌላው የእኔን ጋዜጣ አራት ቦታ አጥፈው ይዘዋል። ሚስታቸው ሞተው፣ ልጃቸው አጠገብ ለመሆን መንደሩ ከገቡ ገና አምስት ሳምንታቸው ነው። ሰው አያውቁም። ከቤት ለመውጣት ራሳቸውን አሳምነው፣ ከረባት አስረው፣ ብስኩት ገዝተው መጥተው በሩ ተቆልፎ አገኙት። "ቀኑን ተሳሳትኩ መሰለኝ" አሉኝ። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኳቸውና ይዣቸው ቤቴ ገባሁ። ቡና ቆላሁ፤ እስከ ሦስተኛው ቆዩ። ሚስታቸው ወጥ ቤት ውስጥ ሬዲዮ ከፍተው ይዘፍኑ እንደነበር አጫወቱኝ።

ከዚያ ማታ በኋላ ሥራዬን የማየው በሌላ ዓይን ነው። የለመደ ሰው ጋዜጣ አያስፈልገውም። ጋዜጣው የሚጻፈው ለማያውቀው፣ ለአዲሱ፣ ለብቸኛው ነው። እሱ ደግሞ የተጻፈውን ያምናል፤ ሌላ የሚጠይቀው ሰው የለውምና። አሁን ማንኛውንም ዝግጅት ስጽፍ የሳምንቱን ቀን፣ ቀኑን፣ ጠዋት ወይም ማታ መሆኑን፣ ሰዓቱንና በሩ የሚከፈትበትን ጊዜ አብሬ አሰፍራለሁ። ከመታተሙ በፊት ያስነገረኝ ሰው ጋ ደውዬ ጮክ ብዬ አነብለታለሁ። አዛውንቱ በጡረታ የወጡ ፖስተኛ ናቸው፤ ሙሉ እትሙን የማነብላቸው ሰው እሳቸው ሆኑ። በየወሩ የመጨረሻ ሐሙስ ማታ ወጥ ቤቴ ተቀምጠው መስመር በመስመር ይሰማሉ።

ወሬ የሚሰበሰብበት መንገድ ለብቻው ሥራ ነው። በኢሜይል ላኩልኝ ብዬ ብጠብቅ ሁልጊዜ የሚልኩት እነዚያው አራት ሰዎች ናቸው። አሥራ ሁለት አዳዮች አሉን፤ እያንዳንዳቸው አሥራ ምናምን ቤት ይይዛሉ። ከመንደሩ ጫፍ እርሻዎቹ አጠገብ ያለውን ረጅም መንገድ ግን ማንም አይፈልገውም፤ እኔ ወሰድኩት። በእግር ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ምርጡ ወሬዬ የሚገኘው እዚያ ነው፦ የማን ላም ሁለት እንደወለደች፣ የትኛው ድልድይ ላይ ድንጋይ እንደላላ፣ ማን ከሆስፒታል እንደተመለሰ። አጥር ላይ ተደግፎ የሚወራ ወሬ ስልክ ላይ አይገኝም።

ሌላው ምንጬ ፓሪሽ ካውንስል ነው። ይህ በ1894 በወጣ ሕግ የተቋቋመ፣ በእንግሊዝ የመጨረሻው ትንሹ የመንግሥት እርከን ነው። እኛ ቀበሌ እንደምንለው ነው እንዳልል መታወቂያ አይሰጥም፣ ቤት አያከራይም። የሚያየው ሣር ማጨድ፣ የመንገድ ዳር አግዳሚ ወንበር፣ የልጆች መጫወቻና የመቃብር ቦታን የመሰለ ነገር ነው፤ ገንዘቡም ነዋሪው ከሚከፍለው የካውንስል ታክስ ላይ በምትጨመር ትንሽ ድርሻ ይሸፈናል። ስብሰባው ለሁሉም ክፍት ነው፤ አጀንዳውም ቢያንስ ሦስት ሙሉ ቀን ቀድሞ ሰሌዳ ላይ መለጠፍ አለበት። ከዚያ በተጨማሪ በየዓመቱ ከማርች 1 እስከ ጁን 1 ባለው ጊዜ ውስጥ ነዋሪው ራሱ የሚናገርበት አንድ ስብሰባ የግድ ይደረጋል። የመጀመሪያ ጊዜ ስሄድ ከሕዝቡ በኩል የተቀመጥነው ሁለት ነበርን። ቀስ በቀስ አንድ ነገር ገባኝ፦ ሰው የሚናደደው ጉዳዩን የማያየው አካል ጋ እየሄደ ነው። የቤት ግንባታ ፈቃድ ላይ ፓሪሹ አስተያየት ይሰጣል እንጂ አይወስንም፤ የሚወስነው የሱመርሴት ካውንስል ነው። ያም ቢሆን ከኤፕሪል 1 ቀን 2023 ጀምሮ የካውንቲውንና የአራቱን ወረዳዎች ሥራ ጠቅልሎ ስለያዘ፣ ነባሩም ሰው ግራ ተጋብቶ ነበር። "ለየትኛው ነገር ማን ጋ ይደወላል" የሚል ግማሽ ገጽ አወጣሁ። ከጻፍኩት ሁሉ ተቆርጦ ማቀዝቀዣ በር ላይ የተለጠፈ እሱ ብቻ ነው።

በየወሩ ሳይቀየር የሚወጣ ሌላ ትንሽ ሳጥንም አለ። የመንደሩ ቀይ የስልክ ቤት ከስልክ ኩባንያው በአንድ ፓውንድ ተገዝቶ፣ አሁን ልብ ሲቆም በኤሌክትሪክ የሚያስነሳው መሣሪያ ማስቀመጫ ሆኗል። የቀድሞዋ አዘጋጅ "ቦታ ቢጠብሽም ይህን እንዳታወጪ" ብለውኛል፤ አላወጣሁም።

ስለማላትመውም ነገር ልናገር። እገሌ ለሁለት ሳምንት ስፔን ሄደ ብሎ መጻፍ ባዶ ቤቱን ለሌባ ማሳየት ነው። የውሻ ባለቤቶችን በስም ሳይሆን በጠቋሚ ነገር የሚያሳጣ ደብዳቤም ይመጣል፤ በ400 ሰው መንደር ጠቋሚው ነገር ስም ማለት ነው። አንዴ በዚህ በኩል ተሳስቻለሁ። የእግር መንገድ በበቆሎ ተዘጋብን የሚል የተጓዦች ደብዳቤ እንዳለ አተምኩ። በእንግሊዝ ሕግ ገበሬ በሕዝብ መሄጃ የሚቆረጥ ማሳውን ሲያርስ መንገዱን በ14 ቀን ውስጥ መልሶ ማስተካከል አለበት፤ ስለዚህ ደብዳቤው ሕግ አፍራሽ ብሎ የመክሰስ ያህል ነበር። ገበሬው ደጄ ድረስ መጡ። አልጮኹም። "መንገዱን የከፈትኩት ደብዳቤው በተጻፈ ማግስት ነው፤ ስልኬ እጅሽ ላይ ነበር" ብቻ አሉኝ። ሄጄ አየሁት፤ ከአንድ ሜትር በላይ ስፋት ያለው ንጹሕ መንገድ ነው። በሚቀጥለው እትም የፊት ገጽ ላይ ማስተካከያ አወጣሁ፤ ቅሬታው በወጣበት ልክ፣ በዚያው የፊደል መጠን። ከዚያ ወዲህ ስሙ የተነሳ ሰው ሳይደወልለት ምንም ነገር አይታተምም፤ አንድ ወር ቢያዘገየውም።

የሞት ዜና ላይ ያደግሁበት ነገር ረድቶኛል። እኛ ሰፈር የእድር ጥሩምባ ነፊ ነበሩ፤ በሌሊት ሲጣሩ የሟቹን ስም፣ የቤቱን አቅጣጫና የቀብሩን ሰዓት ብቻ ነበር የሚናገሩት። ማንም ቅንጣት አይጨምርም። እዚህም እንዲሁ አደርጋለሁ፦ ቤተሰቡ ከፈቀደ በኋላ፣ ቤተሰቡ በሰጠው ቃል።

ስለ ገንዘቡ ብዙ የሚባል የለም። የጭስ ማውጫ ጠራጊው፣ የማገዶ ሻጩ፣ የቧንቧ ሠራተኛው የሚከፍሉት የማስታወቂያ ዋጋ ማተሚያውን ይሸፍናል፤ እኛ ሁላችን በነፃ ነው የምንሠራው።

ከአውቶቡሱ ጉዞ አንዱ ሲሰረዝ ግን ጋዜጣዋ ከማስታወቅ አልፋ ሥራ ሠራች። ሐኪም ቤት የሚሄዱት አረጋውያን ማክሰኞ ማለዳ የሚመጣውን ነበር የሚጠብቁት። የተናደደ ጽሑፍ ጀምሬ ተውኩት። በምትኩ "መኪና አለዎት? በሳምንት አንድ ጠዋት ይችላሉ?" የሚል አንድ መስመር በጉልህ አወጣሁ። ዘጠኝ ሰው ደወለ። አሁን ተጓዡ ለነጂው በማይል 45 ፔንስ ይከፍላል፤ ስልኩን በየተራ እናነሳለን።

ኢትዮጵያዊ መሆኔን ሲሰሙ በዕድሜ የገፉት ሰዎች መጀመሪያ የሚያነሱልኝ ጃንሆይን ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 በስደት የኖሩበት ፌርፊልድ ሃውስ እዚያው ባዝ ከተማ ነው፤ ኋላም በ1958 ለከተማው አረጋውያን እንዲሆን ሰጥተውታል። ቅርብ ያደረገን ግን ሌላ ነገር ነው።

ሱመርሴት የፖም አገር ነው። ሰዉ በጃንዋሪ ማታ ፖም እርሻ ውስጥ ይሰበሰባል፤ ሳይደር የሚሉትን የፖም መጠጥ ሥሩ ላይ ያፈሳል፣ በሳይደር የራሰ የተጠበሰ ዳቦ ቅርንጫፍ ላይ ይሰቅላል፣ ክፉ መንፈስ ይሽሽ ብሎ ድስት ይደበድባል፣ ጠመንጃ ይተኩሳል። ዋሴይል ይሉታል። በካርሃምፕተን መንደር የሚደረገው በጃንዋሪ 17 ነው። ለምን 17 ብዬ ስጠይቅ "የድሮው ጥምቀት ነዋ" አሉኝ። ቁጭ ብዬ ቆጠርኩት። እንግሊዝ በ1752 የዘመን አቆጣጠሯን ስትቀይር ከሴፕቴምበር 2 ወደ 14 ዘላ 11 ቀን ጣለች፤ ባላገሩ ግን በዓሉን በድሮው ቀን ማክበሩን ቀጠለ፤ ጥምቀታቸው በሚውልበት በጃንዋሪ 6 ላይ 11 ሲጨመር 17 ይሆናል። በድሮውና በአዲሱ አቆጣጠር መካከል ያለው ልዩነት በ1800 እና በ1900 አንድ አንድ ቀን ጨምሮ ዛሬ 13 ደርሷል፤ ስለዚህ የእኛ ጥር 11 ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል። እነሱ 17 ላይ ቆሙ፣ እኛ 19 ደረስን፤ ሥሩ አንድ ቀን ነው። ይህን በግማሽ ገጽ ጻፍኩት። ያ በበቆሎ የተቀየሙኝ ገበሬ ጋዜጣውን ይዘው መጥተው "እንግዲያው የእናንተንም እናክብር" አሉ።

በዚህ ዓመት ድፎ ዳቦ ልጋግር፣ ቡናም ላፈላ ነው፤ አዳራሹን ይዣለሁ። ባለፈው ሐሙስ እትሙን ሳነብላቸው አዛውንቱ እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ይሰሙ ነበር። "እሁድ፣ ጃንዋሪ 19፣ የኢትዮጵያ ጥምቀት፣ ዳቦና ቡና፣ ከጠዋቱ 10 ሰዓት፣ በሩ ከሩብ ጉዳይ ጀምሮ ክፍት ነው" ብዬ አነበብኩ።

ዓይናቸውን ገለጡ። "10 ያልሽው በእናንተ ነው በእኛ?"

"በእናንተ" አልኳቸው። አንገታቸውን ነቀነቁና ወደሚቀጥለው መስመር እንድሄድ በጣታቸው አመለከቱኝ።