ጉም የለካሁ ለታ

አዋጁ ቆንጆ ነው። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 እንደሚለው ተቆጣጣሪ ያለ ማስታወቂያ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትዕዛዝ፣ ተገቢ በመሰለው ሰዓት የትኛውም ግቢ ገብቶ ማየት፣ መጠየቅ፣ ናሙና መውሰድ ይችላል። በምን መኪና እንደሚሄድ ግን አይናገርም።

እኛ መሥሪያ ቤት መኪና አንድ ናት። መስክ ለመውጣት ቅጽ ይሞላል፣ መዳረሻው ይጻፋል፣ ይፈረማል፣ ነዳጅ ይጠበቃል። ቢያንስ ሦስት ቀን ነው። ታዲያ የምንሄድበት ክሬሸር፣ ማለትም ድንጋይ መፍጫ፣ ሁሉ ስንደርስ ሰርግ ቤት ይመስላል። መሬቱ ውኃ ተረጭቷል፣ ድንጋይ ማመላለሻ ቀበቶው ሸራ ለብሷል፣ ሠራተኛው አፍና አፍንጫውን ሸፍኗል። ግጥምጥሞሽ ነው እንዳይባል፣ አራቱም ጋ እንደዚያ ነው።

ከታርማበር ወዲህ ካለው አንዱ ላይ የገበሬዎቹ ሦስተኛ አቤቱታ መጋቢት ላይ ደረሰን። ሣሩ ድንጋይ ድንጋይ ብሎ ከብቶቹ እምቢ አሉ ይላል። በቃ፣ አሁን ቅጽ አልሞላም አልኩ። የአቧራ መለኪያዋን በቦርሳዬ ይዤ፣ ከኪሴ ከፍዬ፣ በደሴ መስመር ሚኒባስ ገና ሳይነጋ ወጣሁ።

ማታውን የበልግ ዝናብ ጥሎ አድሯል። ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አጥሩ ሥር ቆሜ መለኪያዋን ከፈትኩ። 290 አለች። 340። ከዚያ 382 ላይ ቆመች። የዓለም ጤና ድርጅት የ2021 መመሪያ ለዚህ ዓይነቱ አቧራ፣ ለፒኤም 10፣ በ24 ሰዓት አማካይ ያስቀመጠው 45 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ ነው። የቅጽበት ንባብና የ24 ሰዓት አማካይ እንደማይወዳደሩ አጥቼው አይደለም። ግን 382 ነዋ! እኔ በልቤ የእግድ ደብዳቤውን ጨርሼ ማኅተም እየፈለግሁ ነበር።

ዘበኛው መጡ። ሸምገል ያሉ ናቸው። ጋቢያቸው አንድ ቀን ነጭ ነበረ።

«ደህና አደርክ ልጄ። ምን ጠፍቶህ ነው በጠዋት?»

«ደህና አደሩ አባባ። አየር እየለካሁ ነው።»

«አየር?» ጠጋ ብለው መስኮቷን አዩ። «እና ምን አለች?»

«382።»

«ምኑ?»

«አቧራው ነዋ፣ የክሬሸሩ።»

ዞር ብለው ወደ ክሬሸሩ አዩ። እኔም አየሁ። ምንም አይታይም፣ ነጭ ነው። ያኔ ነው ጆሮዬ የነቃው። ድምፅ የለም።

«ጀነሬተሩ ተበላሽቶ ማሽኑ ከቆመ ሦስተኛ ቀኑ ነው» አሉ። «ይኼ ጉም ነው ልጄ። አራት ሰዓት ላይ ይነሣል።»

መለኪያዋ የምትሠራው በብርሃን ነው። በፊቷ የሚያልፈውን ቅንጣት ሁሉ ትቆጥራለች፣ ለእሷ የውኃ ጠብታና የድንጋይ ዱቄት አንድ ናቸው። ጥጓ ላይ እርጥበት 97 በመቶ ትላለች። ሥልጠና ላይ ተነግሮናል። እንዲያውም ማስታወሻዬ ላይ አስምሬበታለሁ።

ዘበኛው ቆሎ ዘገኑልኝ። ሚኒባስ እስኪመጣ አብረን ቆረጠምን።

ቢሮ ይህን የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ከሰዓት በኋላ ስሜ «ጉሜ» ሆኖ ጠበቀኝ። ያ ሰው የመኪናውን ቅጽም የሚፈርመው ነው። እንዲያው ስለመጣልኝ ነው ያነሣሁት።

ግንቦት ላይ በሥርዓቱ ሄድን። ቅጽ ሞላሁ፣ መኪና መጣ፣ ሦስት ሆነን ወጣን። ፀሐይዋ ድንጋይ ታቃጥላለች፣ እርጥበቱ 31 በመቶ ነው። ማሽኑ ይሠራል፣ በቀስታ። የውኃ ቦቴ በሩ ላይ ቆማ ትንጠባጠባለች። ጫማችን ጭቃ በጭቃ ሆነ። በግንቦት! ሥራ አስኪያጁ ጨበጠኝና ፈገግ አለ።

«ዛሬ እንኳ ጉም የለም።»

ዘበኛው ነግረውት ይሆናል ብዬ ራሴን ላሳምን ሞከርኩ። መለኪያዋን ነፋሱ በሚነፍስበት በኩል ተክዬ ሩብ ሰዓት ጠበቅሁ። አማካዩ 36 መጣ። ቅጹ ላይ 36 ብዬ ጻፍኩ፣ ሦስታችንም ፈረምን።

ዕቃ ስሰበስብ ዘበኛው ሊሰናበቱኝ መጡ። ሲጠጉ ጋቢያቸውን አራገፍ አድርገው ወደ ትከሻቸው መለሱት። መለኪያዋን ገና አላጠፋኋትም። 120 አለች፣ 210፣ 304። ሁለታችንም ቆመን አየናት።

«አሁንስ ምን አለች?»

«304።»

«ጉም ይሆናል» አሉኝና ወደ በራቸው ተመለሱ።