ትራፊክ ውስጥ ብቻ የምትሞቅ ቪትዝ

አሮጌ ቪትዝ የምትነዱ፣ መኪናዋ ቀለበት መንገድ ላይ ስትሮጥ ሰላም ሆና መገናኛ ጋ ስትቆሙ ብቻ የምትሞቅ ከሆነ መጀመሪያ ፋኑን እዩት። ስትሮጥ ራዲያተሩን (የሞተሩን ውሃ የሚያቀዘቅዘውን) ንፋሱ ያበርደዋል፣ ስትቆም ግን ከፋኑ ሌላ የሚደርስላት የለም። ሞተሩ ሞቆ ፋኑ ካልተነሳ ፊውዙን፣ ሪሌውን (ለፋኑ መብራት የሚያቀብለውን ማብሪያ)፣ የሙቀት ሴንሰሩን አስፈትሹ፣ ከዛ በፊት ሞተር ይውረድ የሚላችሁን ሰው ሽሹት።

ቀጥሎ የራዲያተር ክዳን። ሰው ይንቃታል እንጂ አዲስ አበባ ላይ ትልቅ ነገር ናት ምክንያቱም ከተማው ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነ ውሃ 100 ሳይደርስ 92 ዲግሪ አካባቢ ላይ ይፈላል፣ ክዳኗ ግፊቱን አፍና ስለያዘች ነው የማይፈላው፣ የክዳኗ የውስጥ ጎማ ከደረቀ ግን አለቀ። ዋጋዋ ከሌላው እቃ አንፃር ምንም ማለት አይደለም፣ ቀይሯት።

ቴርሞስታት (ውሃው ሲሞቅ ወደ ራዲያተር መንገድ የሚከፍተውን ቫልቭ) አውጥቶ መጣል የሚሉት ነገር ግን አይዋጥልኝም። ሞተሩ በቶሎ ስለማይሞቅ ቤንዚን ይበላል፣ ዋናው ችግርም ይደበቃል። ከተበላሸ በአዲስ ይተካ። የቧንቧ ውሃም ይቅርባችሁ፣ ውስጡን ያዝገዋል፣ ኩላንት (ለራዲያተር የተሰራ ማቀዝቀዣ ፈሳሽ) አድርጉ።

ቪትዝ ደሞ የሙቀት ጌጅ (መለኪያ) የላትም፣ ስትሞቅ የሚበራ ቀይ መብራት ብቻ ነው። ከበራ ኤሲ አጥፉ፣ ሂተሩን እስከ መጨረሻ ክፈቱት (አዎ ትቀቀላላችሁ፣ ግን ከሞተሩ ሙቀት ይወስዳል)፣ ዳር ይዛችሁ ሞተር አጥፉ። ክዳኑን በጨርቅም ቢሆን ትኩስ እያለ እንዳትነኩት፣ ፊት ያቃጥላል።