የቺያንግ ማይ ሂሳብ

ወረቀቷ በበሩ ስር ገብታ ጠበቀችኝ። መዳፍ የምታክል፣ ሮዝ፣ ፊደሏ ሁሉ እንደ ቀለበት የተጠማዘዘ። እኔ የማነበው ቁጥሩን ብቻ ነው፤ 212 ሲባዛ በ8፣ 1,696 የታይላንድ ባት። የመብራት መሆኑ ነው።

ሊፍት ውስጥ ላገኘሁት ጀርመናዊ ጎረቤቴ አሳየሁት። ሳቀ። «መንግሥት እኮ ኪሎዋት ሰዓቱን በአራት ባት ከምናምን ነው የሚሸጠው» አለኝ። ከዚያ በላይ ያለው የቤቱ ባለቤት ትርፍ ነው። እዚህ ኪራዩ ረከስ ያለ ክፍል ስታገኙ መጀመሪያ የምትጠይቁት «መብራቱ በስንት ነው?» ብላችሁ ነው። እኔ ይህንን ያወቅኩት ውል ከፈረምኩ በኋላ ነው። ሂሳብ ሠራተኛ ነኝ እንግዲህ።

አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ካለችው ሲልቨር ስፕሪንግ የወጣሁት ኪራይ አማሮኝ ነው። ለአንዲት ክፍል፣ ወጥ ቤቷ ከአልጋው ሦስት እርምጃ ለማይርቅ፣ በወር 1,700 ዶላር። ሥራዬ የትናንሽ ድርጅቶችን መዝገብ መያዝ ነው፤ ላፕቶፕና ኢንተርኔት እስካለ ድረስ የት ሆኜ እንደምሠራው የሚጠይቀኝ የለም። ስለዚህ 2017 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ዕቃዬን ሸጥኩና በአዲስ አበባ በኩል አድርጌ ወጣሁ። እናቴ ሻንጣዬን ስትከት «ታይላንድ ማን አለህ?» አለችኝ። ማንም የለኝም አልኳት። «ታዲያ ምን ልትበላ ነው?» ብላ በርበሬና ሽሮ ጨመረችበት። ከቦሌ ባንኮክ ቀጥታ በረራ አለ። ከባንኮክ ደግሞ ማታ የሚነሳ አልጋ ያለው ባቡር ያዝኩ፤ ጠዋት ቺያንግ ማይ ነኝ።

ቪዛውን ዋሽንግተን እያለሁ ነው የጨረስኩት። በፈረንጆቹ ከ2024 ሐምሌ ጀምሮ ለእንደኔ ዓይነቱ ላፕቶፕ ተሸካሚ የሚሰጥ የአምስት ዓመት ቪዛ አለ። በአንድ ጊዜ 180 ቀን ያስቀምጣል። 500,000 ባት ባንክ እንዳለህ ማሳየት አለብህ፤ ክፍያው ወደ 10,000 ባት ነው። ዶላሩ ያኔ 34 ባት አካባቢ ነበር። በብር ማሰብ ለሚቀለው ደግሞ የዚያን ጊዜውን አንድ ባት ወደ አራት ብር አድርጎ ይያዘው።

ክፍሌ ሳንቲታም ነው፤ ከአሮጌው ከተማ ቦይ ወደ ሰሜን ወጣ ብሎ። ፈረንጅ የሚወደው ኒማን የሚባለው ሰፈር ነው፤ ካፌ በካፌ ላይ። ሳንቲታም የእግር መንገድ ያህል ቢርቀውም ዋጋው ሌላ ነው። በወር 7,000 ባት። የሁለት ወር መያዣና የአንድ ወር ቅድሚያ ሲደመር በአንድ ቀን 21,000 ባት ከኪሴ ወጣ። በውጭ ካርድ ገንዘብ ባወጣህ ቁጥር ማሽኑ ያኔ 220 ባት ይቆርጥ ነበር። ካርዴ በአንዴ የሚፈቅድልኝ 10,000 ባት ብቻ ነበርና ሦስቴ ተቆረጥኩ።

ውሉ ላይ ያለው ዓመተ ምሕረት 2567 ነው። እነሱ ዘመን የሚቆጥሩት ከቡድሃ ነው። የቤቱ ባለቤት የፓስፖርቴን 2024 ቀና ብለው አይተው 543 ደመሩበት። እኔ በሆዴ 2017 እያልኩ ነበር። በአንድ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ዘመን ይዘን ፈረምን። ሴትዮዋን ሁሉም «ፓ» ይላቸዋል፤ እንደኛ እትዬ መሆኑ ነው። እኔም ፓ አልኳቸው።

ሰዓታቸው ደግሞ ይብሳል። ማታ ላይ የሚቆጥሩት እንደኛው ነው! ፈረንጅ ሰባት ሰዓት የሚለውን «አንድ»፣ ስምንት የሚለውን «ሁለት» ይላሉ። ምግብ የምትሸጥልኝ ልጅ «ሳም ቱም» ላይ እዘጋለሁ ስትለኝ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ማለቷ ነው። ጀርመናዊው ጎረቤቴ ይህንን ለመልመድ ወራት ፈጅቶበታል። እኔ አንድ ቀንም አልፈጀብኝ።

በብርዱ ወራት ሜሪላንድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን እዚህ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ነው። ስለዚህ ሌሊቱን እሠራለሁ፣ ቀን እተኛለሁ። ቀን የሚተኛ ሰው ኤር ኮንዲሽነር ሳይከፍት አይተኛም። 212 ኪሎዋት ሰዓቱ የመጣው ከዚያ ነው።

ምግብ ላይ ብዙ አልዘገይም ነበር፤ ርካሽ ነው፣ አለቀ። ካው ሶይ የሚባለው የሰሜኑ ቅቅልና ጥብስ ኑድል፣ በኮኮናት ወተት መረቅ፣ 50 ወይም 60 ባት ነው። ውሃ ከመንገድ ዳር ማሽን ይቀዳል። አንድ ባት ሳንቲም ትጥላለህ፣ አንድ ሊትር ይወርድልሃል። ስድስት ሊትር የሚይዝ ጀሪካን ገዝቼ እንደ ሰፈሩ ሰው እየተሸከምኩ እመላለሳለሁ። ግን የካቲት ላይ ሁዳዴ ገባ፤ ያኔ ነው ምግቡ ወሬ የሆነው። አሳማ የሌለበት፣ የዓሣ ውሃ ያልገባበት ወጥ ማግኘት ከባድ ነው። አንድ ቀን ስዞር ቢጫ ባንዲራ አየሁ፤ በላዩ 17 የሚመስል ቀይ ጽሑፍ። ቁጥር መስሎኝ አለፍኩት። ቁጥር አይደለም፣ «ጄ» ተብሎ ይነበባል። ሥጋ የለ፣ ወተት የለ፣ እንቁላል የለ፣ ዓሣ የለ። የቡድሂስት ጾመኛ ምግብ ማለት ነው። ሩዝ ከሁለት ዓይነት ወጥ ጋር 40 ባት። ሁለት ወር ሙሉ ከዚያ ቤት አልጠፋሁም። አንድ ችግር ብቻ አለው፤ ቀይ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም አይገባበትም። ለሐበሻ ይህ ከጾምም በላይ ጾም ነው። የእናቴን በርበሬ በትንሽ ብልቃጥ ኪሴ ይዤ መሄድ ጀመርኩ። ባለ ምግብ ቤቷ አንድ ጊዜ ቀመሰች፣ ሁለተኛ ቀን ራሷ ሳህን አመጣች።

ትራንስፖርት? ውይይት። አዲስ አበባ ላይ ፊት ለፊት ተያይተን የምንቀመጥባትን ያቺን ታክሲ የሚያስታውስ ያስታውሳል። እዚህ ቀይ ናት፣ «ሶንግቴው» ትባላለች፤ ሁለት ረድፍ ማለት ነው። በእጅ ታስቆማለህ፣ መድረሻህን ትናገራለህ፣ ሾፌሩ መንገዱ ከሆነ ራሱን ይነቀንቃል። 30 ባት። ዋጋ ከጠየቅህ እንግዳ መሆንህ ታወቀ፤ ዋጋው ያድጋል። ዝም ብለህ ግባ፣ ስትወርድ 30 ስጥ። ሞተር የሚከራዩት በወር 3,000 ባት ገደማ ይከፍላሉ። እኔ መንጃ ፈቃዱም ድፍረቱም የለኝም።

ሂሳቤን ያበላሸው ቡና ነው። ኒማን ያለ አንድ ካፌ ገብቼ ሰሌዳው ላይ «ኢትዮጵያ፣ ይርጋጨፌ» የሚል አየሁ። 140 ባት። አዘዝኩ። ልጁ ቡናውን በሚዛን መዘነ፣ ውሃውን በቴርሞሜትር ለካ፣ በመስታወት ዕቃ ቀስ እያለ አንጠባጠበልኝ፤ ከዚያ የአገሬን ቡና ጣዕም እንዲህ ነው ብሎ የሚያስረዳ ካርድ ሰጠኝ። አበባ ይሸታል ይላል። እውነቱን ለመናገር ይሸታል። ሦስት ቀን ተመላለስኩ። በአራተኛው ቀን አንድ ነገር ሰማሁ፤ ከ2025 ጥር ጀምሮ በቺያንግ ማይ ከተማ ወረዳ ዝቅተኛው የቀን ደሞዝ 380 ባት ነው። የእኔ ሲኒ የአንድ ሰው የቀን ሥራ ከሲሶ በላይ ነው ማለት ነው። ካፌውን አልተውኩም። ቀነስኩ እንጂ።

ከዚያ ወዲህ ቡናዬን ሰዉ «ካድ ሉዋንግ»፣ ትልቁ ገበያ ከሚለው ከዋሮሮት ነው የምገዛው። ከደረቀ ዓሣና ከቋሊማ ጎን፣ ከዚያው ከሰሜኑ ተራራ የወረደ አረቢካ ይሸጣል። ተራሮቹ ላይ ፊት ኦፒየም ነበር የሚዘራው። ከ1969 ጀምሮ በንጉሡ ፕሮጀክት ገበሬው ኦፒየሙን በቡናና በሌላ ሰብል እንዲተካ ተደረገ። ጥሩ ቡና ነው። ይርጋጨፌ ግን አይደለም፤ ይህንን ለማንም አልደብቅም።

ርካሽ ከተማ የሚሉ ሰዎች የማይነግሩህ ጭሱን ነው። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ የበቆሎ አገዳና ጫካ ይቃጠላል፤ እዚህም፣ ከድንበሩ ማዶም። ከተማዋ በተራራ የተከበበች ጎድጓዳ ናትና አየሩ መውጫ የለውም። በሌላ ጊዜ ከበረንዳዬ የሚታየኝ ዶይ ሱቴፕ የሚባለው ተራራ አንድ ማለዳ ጠፋ፤ ለሳምንታትም አልተመለሰም። አቅም ያለው ፈረንጅ ወደ ደቡብ ባሕር ይሸሻል። እኔ የአየር ማጣሪያ ማሽን በ3,900 ባት ገዛሁ። መስኮቱን ዘጋሁ። ማጣሪያው ቀንና ሌሊት፣ ኤር ኮንዲሽነሩ ቀን።

የመጋቢቷ ሮዝ ወረቀት 310 ሲባዛ በ8 አለች። 2,480 ባት።

የወሩን ደመርኩት። ኪራይ፣ ምግብ፣ ውይይት፣ ስልክ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ ቡና፣ ይህች መብራት፤ 26,000 ባት ገደማ፣ ማለትም ከ800 ዶላር በታች። ማጣሪያውን ለብቻው ነው የያዝኩት። ቢሆንም ግን የስምንቷ ባት ነገር ከነከነችኝ። አራት የገዙትን ስምንት መሸጥ! ንግግሬን በስልኬ መተርጎሚያ አዘጋጅቼ ወረድኩ።

ፓ ምድር ቤት ካለችው ጠረጴዛቸው ነበሩ። ማንጎ እየላጡ ነው። ተቀመጥ አሉኝ፣ ሳህኑን ገፋ አደረጉልኝ። ስልኬን ሳላወጣ እሳቸው የራሳቸውን አወጡ፤ እሳቸውም የሚጠይቁኝ ነበራቸው። መተርጎሚያው «አሜሪካ ለእንደዚህ ዓይነት ክፍል ስንት ትከፍል ነበር?» አለኝ።

1,700 ዶላር አልኳቸው።

ትልቅ ቁልፍ ያለው አሮጌ ካልኩሌተራቸውን ሳቡ። 1,700፣ ሲባዛ በ34። 57,800። ቁጥሩን አዩት፣ ወደኔ አዙረው አሳዩኝ፣ መልሰው ወደራሳቸው አዞሩ። «በዓመት?» አሉ።

በወር አልኳቸው።

ፓ ቢላዋቸውን አስቀመጡ። ቆይተው ከማንጎው ትልቁን ቁራጭ መርጠው በእጄ አስያዙኝ፣ አንድ ነገር እያሉ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ። መተርጎሚያውን አላየሁም። ሮዟን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ 2,480 ባት ቆጠርኩላቸው።